ሮ ስለ ተባለችው የግሪክ ፊደል

ልጆች ሆይ፤ በአዲስ አበባ በተክለ ሃይማኖት ሰፈር የሚኖር ተማሪ ዳዊቱን ገልጦ ወደ መቶኛው መዝሙር ቢደርስ፥ በላዩ ፻ ተጽፎ ያያል። ይህች ምልክት ከወዴት እንደ መጣች ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

የግሪክ ሰዎች በጥንት ዘመን በፊደላቸው ይቈጥሩ ነበር። አልፋ 1፥ ቤታ 2፥ ሮ የምትባለውም 100 ነበረች። የሮ ድምፅ እንደ ረ ነው፤ መልክዋም ጭራ ያላት ትንሽ ክብ ናት። አክሱማውያን አባቶቻችን ከግሪኮች ጋራ ይነግዱ ነበርና የቍጥር ምልክትን ከእነርሱ ተቀበሉ። ይህም ቍጥር በ4ኛው መቶ ዓመት በነገሠው በንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሕፈት ላይ ይገኛል። ስለዚህ የእኛ ፻ የሮ ልጅ ናት።

ግሪኮች ለ200 ሌላ ፊደል ነበራቸው። አባቶቻችን ግን ሌላ ፊደል ሳይሹ፥ በ፻ ፊት ፪ን አቁመው ፪፻ ብለው ጻፉ። ሁለት ፻ንም አጋጥመው ፼ን አበጁ፤ ይህም 10,000 ማለት ነው።

ዛሬ ደግሞ የሳይንስ መምህራን የነገርን እፍግታ በሮ ይጽፋሉ። እፍግታ ማለት በአንድ መስፈሪያ ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንዳለ የሚያስታውቅ ልክ ነው። የሚገኘውም የነገሩን ክብደት ለያዘው ስፍራ በማካፈል ነው። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 1 ሊትር ጥሩ ማር ግን 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ይመዝናል። ዘይት ከውኃ ስለሚቀልል በውኃ ላይ ይንሳፈፋል።

እንግዲህ አንድ ነጋዴ በማሩ ላይ ውኃ ቢጨምር፥ መስፈሪያው እንደ ቀድሞው ሙሉ ሆኖ ይታያል። በሚዛን ላይ በወጣ ጊዜ ግን ክብደቱ ጐድሎ ይገኛል። ዓይን ያላየውን ተንኰል ሚዛን ይገልጠዋል።

ትምህርትም እንዲሁ ነው። የፊደልን ስም ብቻ አጥንቶ ፍቹን ያላወቀ ተማሪ፥ ውኃ እንደ ገባበት ማር ነው፤ ሙሉ ይመስላል፥ በተጠየቀ ጊዜ ግን ይቀልላል። አባቶቻችን ከሌላ አገር ያገኙትን አስተውለው ስለ ተቀበሉ፥ ከ፻ ፪፻ን ማውጣት ቻሉ። እናንተም የምትማሩትን በአፋችሁ ብቻ ሳይሆን በልባችሁ ያዙት።