ያውቁ ኖሯል? ዶበርማን ብርድ አይችልም
ዶበርማንን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በጀርመኗ አፖልዳ ከተማ ያራባው ግብር ሰብሳቢው ሉዊስ ዶበርማን ነው። በሥራ ሲዞር አብሮት የሚሄድ ጠባቂ ፈልጎ ነበር። ውሻው ዛሬም ከጌታው መለየት አይወድም፤ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ማሰር ግፍ ነው።

ፀጉሩ አጭርና ስስ ነው፤ ከሥሩ የሚያሞቀው ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር የለውም። ለምሳሌ የሆሳዕና ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ትበርዳለች፤ በእሷም ሆነ በአካባቢዋ በክረምት ደጅ አያሳድሩት።

እስከ 45 ኪሎ ስለሚመዝን ቀለቡን አስቀድመው ያስሉ። የልብ ጡንቻን የሚያደክም በሽታ በዘሩ ይበዛልና የወላጆቹን ጤና ሳይጠይቁ አይግዙ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ሦስት ወር ሲሞላው ያስጀምሩት፤ በየዓመቱም ያስደግሙለት።