የበርጋ ረግረግ ወፍ

ሐምሌ ገብቶ የበርጋ ወንዝ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ፣ በአዲስ ዓለም አካባቢ ባለው ረግረግ ሣር ውስጥ አንዲት ትንሽ ወፍ ጎጆ ትሠራለች። ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል ትባላለች። በዓለም ላይ ለመራባት የደረሱት ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል።

ክንፏ ላይ ያለው ነጭ የሚታየው ስትበር ነው፤ እሷ ግን እምብዛም አትበርም። ሰው ሲቀርባት እንደ አይጥ በሣሩ ሥር ትሹለከለካለች። ጥሪዋ በትክክል ተለይቶ የታወቀው እንኳ በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በደቡብ አፍሪካም ትገኛለች፤ እዚያ መራባቷ በስውር ካሜራ የተረጋገጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እስከዚያ ድረስ ጫጩት እንደምታሳድግ የሚታወቀው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነበር።

በኢትዮጵያ የምትፈልገው ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ፣ ውሃው ጥልቀት የሌለው፣ ሣርና ቄጠማው ጥቅጥቅ ያለ ሜዳ ነው። ጭንቁም ያለው እዚህ ላይ ነው። ወፏ እንቁላል በምትታቀፍበት ክረምት የገበሬው ማሳ ሁሉ በሰብል ተይዟል፤ ለከብቱ የቀረው ግጦሽ ያው ረግረግ ነው። ከብቱ ሲገባ ጎጆው ይረገጣል፣ መሸሸጊያው ሣርም ይጋጣል። ገበሬውን በዚህ መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ በሬው ካልበላ አያርስም።

በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የያዘው መንገድ ልክ ነው እላለሁ። በማኅበሩ እገዛ የበርጋ ነዋሪዎች የራሳቸውን የወፍ ጠባቂ ቡድን አቋቋሙ፤ ጫጩቶቹ እስኪያድጉ ከብት እንዳይገባ፣ ሣሩም ከዚያ በኋላ እንዲታጨድ መመካከር ተጀመረ። ከደቡብ አፍሪካ አጋሮች በተገኘ ድጋፍም ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተሠራ። ሜዳው የእነሱ ስለሆነ፣ ያለ እነሱ ፈቃድ የትኛውም ዘበኛ አያድነውም።

አሶሳ ያለ አንባቢ ይህችን ወፍ በደጁ አያገኛትም፤ አገሩ ለእሷ ዝቅ ይላል። ረግረግ ግን እኛም አለን፤ የዳቡስ ወንዝ ክረምት ከበጋ ውሃ ይዞ ወደ ዓባይ ይወርዳል። የክልላችን ባለሥልጣናት ሆይ፣ የዳቡስን ረግረግ ለማጠንፈፍ ወይም ለማረስ ሐሳብ በቀረበ ቁጥር፣ በዳርቻው ከብት የሚያግዱትንና ዓሣ የሚያጠምዱትን ሰዎች አስቀድማችሁ ጠይቁ።