«ቀኑ ደርሶ ነው» ከማለታችን በፊት

ወጣት ልጅ በሞተር ሳይክል አደጋ ሲሞት ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅሬው ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት እኩል ይመጣል። ጀናዛው ተሰግዶበት አፈር ከለበሰ በኋላ ሰዉ አቀርቅሮ ይቀመጣል። አንዱ አዛውንት «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላሉ። ሌላው «አላህ የጻፈው ከሆነ ምን ይደረጋል» ብለው ያጸኑታል። አባት ዝም ብሎ አንገቱን ይነቀንቃል። እናት ግን ጓዳ ተቀምጣ ሌላ ነገር ታስባለች። ልጇ ጠዋት ሲወጣ ሄልሜቱ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ቀርቷል። «አድርገው እንጂ» ብላው ነበር። «ለቅርብ ነው እማ፣ አሁን እመለሳለሁ» ነበር መልሱ።

በወልዲያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ገጠሮች እንዲህ ያለው ለቅሶ ቤት እንግዳ አይደለም። በዚህ ጽሑፋችን ከዚያች እናት ሐሳብ እንነሳለን። ልጇ ሄልሜቱን ማድረግ ነበረበት ብላ ማሰቧ ቀደርን መካድ ነውን? ወይስ እኛው ከትምህርቱ ግማሹን ይዘን ግማሹን ጥለነዋል?

ሁለት ክፍል ያለው ትምህርት

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጀመሪያ ያዘዙት አማኝ የሚጠቅመውን ነገር ተግቶ እንዲሻ፣ በአላህ እንዲታገዝና እንዳይሰንፍ ነው። መከራ ከደረሰ በኋላ «እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ» እያሉ መብሰልሰል እንደማይገባና ነገሩን ለአላህ ውሳኔ መተው እንደሚገባ ያስተማሩት ከዚያ ቀጥለው ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። ጥረቱ ከፊት፣ መጽናናቱ ከኋላ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ብዙውን ጊዜ የፊተኛው ይዘለልና የኋለኛው ብቻ ይነገራል።

ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ አገሩ ወረርሽኝ እንደገባበት ሰምተው ከመንገድ ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ እንዳይሆን ጠየቋቸው። የዑመር መልስ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሸሽ ነው የሚል ነበር። ግመሎቹን ለምለም ሣር ባለበት በኩል ያሰማራ እረኛም፣ በደረቁ በኩል ያሰማራ እረኛም ሁለቱም ከአላህ ውሳኔ እንዳልወጡ በምሳሌ አስረዱ። ሄልሜት ያደረገ ወጣትም እንደዚሁ ከቀደር አልወጣም። ለምለሙን በኩል መረጠ እንጂ።

መንገዱና ሞተሩ

ሞተር ሳይክል መጥፎ ነገር ነው አንልም። ከአስፋልቱ ርቀው ለሚገኙ የሀብሩ ቀበሌዎች ሞተር ባለውለታ ነው። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛውና ነጋዴው በእርሱ ይደርሳሉ። ሥራ ላጣ ወጣትም እንጀራ ሆኖለታል። ታሞ መንገድ ያጣ ሰው በሞተር ተፈናጦ ሐኪም ዘንድ የደረሰበት ጊዜም ብዙ ነው።

ችግሩ መንገዱ የጋራ መሆኑ ነው። ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ፣ በውጫሌና በውርጌሳ በኩል መርሳ የሚደርሰው፣ ከዚያም በሲሪንቃ አልፎ ወልዲያ የሚገባው አስፋልት የሰሜኑ ዋና መንገድ ነው። ወልዲያ ላይም ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በቆቦና በአላማጣ ወደ መቀሌ፣ ሌላው በጋሸና ወደ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር ይሄዳል። በዚህ ጎዳና ከባድ የጭነት መኪናና አውቶቡስ ይከንፍበታል። ተማሪ፣ ከብት፣ ጭነት የያዘ አህያና ገበያተኛም በዚያው ይሄድበታል። ሞተረኛው በሁለቱ መካከል ነው። ከፊቱ ያለውን እግረኛ ሊገድል ይችላል፣ ከኋላው ያለው መኪና ደግሞ ሊገድለው ይችላል።

ይህ የእኛ አካባቢ ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ከእነዚህ 21 በመቶ ያህሉ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ሞተር ላይ የነበሩ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን በመግደል ቀዳሚው ምክንያትም የመንገድ አደጋ ነው። እንግዲህ በአብዛኛው የሚሞተው ገና ያልኖረው ነው።

ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ በቁጥር እንየው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ዞር ብሎ የተፈናጠጠውን ጓደኛውን እስኪያናግር፣ ወይም ስልኩን እስኪያይ ድረስ 17 ሜትር ዓይኑን ጨፍኖ እንደነዳ ይቆጠራል። ፍጥነቱን እጥፍ ሲያደርግ ደግሞ ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በአራት እጥፍ ይጨምራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር መጋጨት ከ10 ሜትር ከፍታ ላይ እንደመውደቅ ነው። ሦስት ፎቅ ያህል ማለት ነው። ከሦስተኛ ፎቅ በራስ ቅሉ የሚዘል ጤነኛ ሰው የለም።

ከአንድ ሞት የተገኘ ትምህርት

የሄልሜት ጥቅም በዓለም ዘንድ እንዴት እንደታወቀ ማስታወስ ለነገራችን ይረዳል። «የዐረቢያው ሎውረንስ» እየተባለ የሚታወቀው እንግሊዛዊ መኮንን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዐረቦች በኦቶማን መንግሥት ላይ ሲነሱ አብሯቸው የነበረ ሰው ነው። ያን ሁሉ ጦርነት በሕይወት ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1935 ግን በገዛ አገሩ በሞተር ሳይክል ሲሄድ በብስክሌት ላይ የነበሩ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲያጥፍ ወደቀ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። ራሱን እንደሳተ ስድስት ቀን ቆይቶ ሞተ።

ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ይህ ሐኪም ሞቱን አይቶ ዝም አላለም። የሞተረኞችን የራስ ቅል ጉዳት ሲያጠና ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1941 ውጤቱን አወጣ። የእንግሊዝ ጦር ሠራዊትም በዚያው ዓመት መልእክት አድራሽ ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች በአንድነት ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው ውጤት ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ቅል ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል የሚል ነው።

የሄልሜት አሠራሩ ቀላል ነው። ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሳይ ነገር ሲጋጭ ይጨፈለቅና በአንጎል ላይ ሊያርፍ የነበረውን ምት ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከባድ ግጭት የደረሰበት ሄልሜት ዳግመኛ አያገለግልም። ማሰሪያው ካልታሰረም ሰውየው መሬት ሳይደርስ ይወልቃል። ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ወይም ለትራፊክ ፖሊስ ብቻ የሚደረግ ሄልሜት ምንም አያድንም።

የቤተሰቡ ድርሻ

ውድ ወላጆች፣ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ የሚገዛው በቤተሰብ ገንዘብ ነው። በሬ ተሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ወይም ዐረብ አገር ያለች እኅት ልካ ይገዛል። እንግዲያውስ ገንዘቡን የሚሰጥ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይችላል። ከሞተሩ ጋር ሁለት ሄልሜት ይገዛ፤ አንዱ ለነጂው፣ ሌላው ለሚፈናጠጠው። መንጃ ፈቃድ ሳይያዝ ቁልፉ አይሰጥ። የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ ከቤት አይውጣ። ከአንድ ሰው በላይ አይፈናጠጥ። ፍሬን፣ ጎማና መብራት በየሳምንቱ ይታይ፤ መብራቱ በቀንም ይብራ፤ የመኪና ሾፌር ሞተረኛውን ቀድሞ የሚያየው በእርሱ ነውና። ጫት ቅሞ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ልጅም በማግሥቱ መሪ አይያዝ።

ወጣት ወንድማችን፣ አንተም አንድ ነገር አስብ። ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ፈቶ ይመካ ብሎ የጠየቀውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስሮ እንዲመካ ነው ያዘዙት። ያንተ ግመል ሞተሩ ነው። ገመዱም ሄልሜቱ፣ ፍሬኑና ፍጥነትህን መግታትህ ነው። በትምህርት ቤት ደጃፍ ሲደረስ ቀዝቀዝ ማለት ፈሪነት አይደለም። በመንገድ ላይ ያለን የሚያውክ ነገር ማንሳት ከእምነት ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ተምረናል። ታዲያ መንገደኛውን የሚያውከው ነገር ራስህ ብትሆንስ?

አደጋው ሲደርስ

ጥንቃቄ ሁሉ ተደርጎም አደጋ ሊደርስ ይችላል። በዚያን ጊዜ ደግ ሰው ሁሉ ይሮጣል፤ ነገር ግን በጥድፊያ እጅና እግሩን ይዞ ማንሳት የተረፈውን ሰው ሽባ ሊያደርገው ይችላል። የሚመጣ መኪና ካላሰጋ በቀር ባለበት ይቆይ። አንገቱ አይንቀሳቀስ። መተንፈስ ካልከለከለው ሄልሜቱ በጉልበት አይውለቅ። የሚፈስ ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ ተጫኑት። ውኃ አታጠጡት። ራሱን ስቶ የነቃ ሰው «ደኅና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው፤ በራስ ቅል ውስጥ የሚፈስ ደም ከሰዓታት በኋላ ሊገድል ይችላልና። የአንጎል ቀዶ ሕክምና በየወረዳው የሚገኝ አይደለም። ከወልዲያ ደሴ እንኳ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በከንቱ የምትባክን ደቂቃ አትኑር።

ሰው የገጨ ሞተረኛ ደግሞ ፈጽሞ መሸሽ የለበትም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት መግደልንም፣ የጎዱትን ሰው ሳይረዱ ጥሎ መሄድንም ይቀጣል። በ2005 የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት የገጨው ባለንብረት የሦስተኛ ወገን መድን ካለው ተጎጂው ካሣ ያገኛል። ገጪው ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው ደግሞ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ይህን ያላወቀ የገጠር ቤተሰብ መብቱን ሳይጠይቅ እንዳይቀር ያወቀ ይንገረው። ነጂው ራሱ ግን በዚህ መድን እንደ ሦስተኛ ወገን አይቆጠርም።

በሸሪዓም ነገሩ ቀላል አይደለም። በሱረቱ አን-ኒሳእ 92ኛ አንቀጽ ሰውን በስህተት የገደለ ሰው ለሟች ቤተሰብ የደም ካሣ (ዲያ) እንዲከፍል፣ ቤተሰቡም ከፈለገ ምሕረት ማድረግ እንደሚችል ተደንግጓል። ከአላህ ጋር ላለበት ጉዳይ ደግሞ ከፋራ አለበት። ባሪያ ነጻ ማውጣት ያልተቻለው ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። በወሎ ደም የሚያደርቁ አበጋሮችና ሽማግሌዎች ከጥንት ጀምሮ አሉ። ገጪው በጊዜ ሽማግሌ ልኮ ጥፋቱን ቢያምን ሁለት ቤት ከቂም ይድናል። እርቁ ግን የፍርድ ቤቱን ሥራ አያስቀርም። የራሱን ጉዳይ ዝርዝርም ከዓሊሞች ጠይቆ ይረዳ።

ሐዘኑና የቀሩት

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ስለዚህ ልጁን ያጣን አባት «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አንበለው። ጃዕፈር (ረ.ዐ.) በሙእታ ዘመቻ ሲሞቱም ለቤተሰባቸው ምግብ እንዲዘጋጅ ያዘዙት ሐዘኑ እነርሱን ስለያዛቸው ነው። የእኛም ቅሬ ሥራው ይኸው ነው። ሐዘንተኛው ለለቀስተኛ ድግስ ብሎ ዕዳ ውስጥ እንዳይገባ ጎረቤት ቀድሞ ይድረስ።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላስ? ያን ጊዜ ነው ቤቱ ባዶ የሚሆነው። ሟች ሞተሩን በዱቤ ገዝቶ ከሆነ ዕዳው ከውርስ በፊት መከፈል አለበት። የየቲሞቹ የትምህርት ወጪ ይታሰብ። ከአደጋው የተረፈው ጓደኛም አይረሳ። እርሱ ሌሊት እየባነነ፣ የሞተር ድምፅ ሲሰማ እየደነገጠ፣ «እኔ ነኝ ያስወጣሁት» እያለ ራሱን ይከሳል። «ቢሆን ኖሮ» የሚለው ሐሳብ የሚያቃጥለው እርሱን ነውና «የአላህ ውሳኔ ነው፣ አብሽር» የሚለው ቃል ለእርሱ ይነገር። ሐሳቡ ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀው ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ያችን እናትም እንዲሁ እናጽናናት። ቀኑ ደርሶ ነው ብንላት እውነታችንን ነው። ይሁን እንጂ ከለቅሶ ቤቱ ወጥተን ወደየቤታችን ስንገባ ሌላ ሥራ ይጠብቀናል። የእኛው ልጅ ነገ ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ «ለቅርብ ነው» ሲል ሄልሜቱን ከግድግዳው አውርደን ማሰሪያውን በእጃችን እንሰርለት። የቀረውን ያን ጊዜ ለአላህ እንሰጣለን።

አላህ (ሱ.ወ.) የሞቱትን ይማር፣ የቀሩትን ሰብር ይስጥ፣ ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን።