የወፍ ቆሎ ወይስ ቡገንቪላ? ለአጥር የሚተከሉ ሁለት አበቦች ሲነጻጸሩ

ከባህር ዳር ተነስቶ በመራዊና በዳንግላ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚያመራው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ መሸንቲን ያገኛል። መሸንቲ ከተማም ገጠርም ናት። አዲስ ቤት የሠራ ሰው ግቢውን ሲያጥር ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ግቢ ብቻ ሳይሆን የበቆሎና የዳጉሳ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ ተክልና የከብት መሰማሪያም ይታየዋል። ስለዚህም በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ለአጥር የሚሆን አበባ ሲመረጥ የሚነሣው ጥያቄ በትልቅ ከተማ መካከል ከሚነሣው የተለየ ነው። በዚያ አበባው ማማሩና ቶሎ ማደጉ ይበቃ ይሆናል፤ እዚህ ግን ተክሉ አጥሩን ተሻግሮ ይሄዳልን? ቢሄድስ ማሳውንና ከብቱን ምን ያደርጋል? የሚለው ሊቀድም ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፋችን የምናነጻጽራቸው ሁለት አበቦች ናቸው። አንደኛው በተለምዶ የወፍ ቆሎ እየተባለ የሚጠራው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ላንታና ካማራ የሚባለው ቁጥቋጦ ነው። ሁለተኛው በግንብና በበር ላይ ተንጠልጥሎ ሐምራዊ፣ ቀይ፣ ብርቱካንማ ወይም ነጭ ሆኖ የሚታየው ቡገንቪላ ነው። ሁለቱም ወደ እኛ የመጡት ከአሜሪካ የሐሩር ክልል ነው፤ ሁለቱም እሾሃማ ናቸው፤ ሁለቱም ሥር ከሰደዱ በኋላ የበጋውን ድርቀት ይችላሉ፤ ሁለቱም ለረጅም ወራት ያብባሉ። በአጥር ሠሪው ዓይን ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። በሥነ ሕይወት ዓይን ሲታዩ ግን ልዩነታቸው የሰፋ ነው።

ቀለማቸው ከየት ነው?

የወፍ ቆሎን የአበባ እቅፍ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው በአንዱ እቅፍ ላይ ሁለትና ሦስት ቀለም ያያል። መካከል ላይ ያሉት ትንንሽ አበቦች ቢጫ ሲሆኑ ዳር ዳር ያሉት ብርቱካንማ፣ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ናቸው። እነዚህ ግን የተለያዩ አበቦች ሳይሆኑ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው አበቦች ናቸው። በብራዚል ይኖር የነበረው ጀርመናዊ ተመራማሪ ፍሪትዝ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1877 በኔቸር መጽሔት እንደገለጸው፣ እርሱ በተመለከተው ላንታና አንዱ አበባ ሦስት ቀን ይቆያል፤ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ፣ በሁለተኛው ብርቱካንማ፣ በሦስተኛው ወይን ጠጅ ይሆናል። ቢራቢሮዎችም ቢጫውን አብዝተው ሲጎበኙ የመጨረሻውን ቀለም አይነኩትም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ማርታ ዋይስ የተባሉ ተመራማሪ በዚያው መጽሔት እንዳስረዱት፣ በብዙ ተክሎች ዘንድ የሚታየው ይህ የቀለም ለውጥ ለነፍሳት ምልክት ነው። ቢጫው «ኔክታር አለ» ሲል ቀዩ «ጨርሻለሁ» ይላል። ያረጁት አበቦች ሳይረግፉ መቆየታቸውም እቅፉን ከሩቅ ጎልቶ እንዲታይ ያደርገዋል።

የቡገንቪላ ብልሃት ሌላ ነው። አበባ የምንለው ባለ ቀለም ወረቀት መሳይ ክፍል ጨርሶ አበባ አይደለም። ብራክት የሚባል የተለወጠ ቅጠል ነው፤ የቅጠል ሥሮቹን በጣት ዳስሶ ማረጋገጥ ይቻላል። እውነተኛዎቹ አበቦች በሦስቱ ብራክቶች መካከል የቆሙት ቀጫጭን፣ ነጣ ያሉ ቱቦዎች ናቸው። የብራክቱ ቀለምም በጽጌረዳ ላይ ከምናውቀው አንቶሳያኒን የመጣ ሳይሆን ቤታሌይን ከሚባሉት ቀለማት ነው። እነዚህ ቀለማት ቀይ ሥርን የሚያቀሉት ናቸው። በዕፅዋት የዘር ሐረግ ቡገንቪላና ቀይ ሥር በአንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ የሚገኙ በመሆናቸው ተመሳሳይነቱ የአጋጣሚ አይደለም።

ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1766 እስከ 1769 ዓለምን በመርከብ ከዞረው ፈረንሳዊ ሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል ነው። ከእርሱ ጋር የነበረው የዕፅዋት ሊቅ ፊሊቤር ኮመርሶን በ1767 ተክሉን ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ አገኘው። የኮመርሶን ረዳት በወንድ ልብስ ራሷን ሰውራ የተጓዘችው ዣን ባሬ ነበረች። ዓለምን የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ የምትታወቀው እርሷ ናት፤ የመጀመሪያውን ናሙና የቆረጠችውም እርሷ ሳትሆን አትቀርም የሚሉ አሉ።

ከአበባው በኋላ የሚመጣው

ውበታቸውን እዚህ ላይ እንተወውና ወደ ፍሬያቸው እንሻገር፤ ፍርዱ ያለው እዚያ ነውና። በግቢዎቻችን የሚተከሉት የቡገንቪላ ዓይነቶች በአብዛኛው ፍሬ አይቋጥሩም፤ የሚራቡት በሰው እጅ፣ በቅርንጫፍ ቁራጭ ነው። ባለቤቱ ካልቆረጠና ካልተከለ አይስፋፋም። የወፍ ቆሎ ግን በእያንዳንዱ እቅፍ ላይ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ሲበስል ጥቁር የሚሆን ሥጋማ ፍሬ ያፈራል፤ አንድ ትልቅ ቁጥቋጦ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ፍሬ ይሰጣል። ወፎች ይበሉታል፤ ዘሩንም ከዛፍ ሥር፣ ከማሳ ዳርና ከወንዝ አፋፍ ይጥሉታል። የአማርኛ ስሙ ይህን የተክሉን ታሪክ በሁለት ቃል ተናግሮታል።

ይህ በሌላው ዓለም ያስከተለውን እናውቃለን። ላንታና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ የአትክልት ቦታዎች የገባው ለጌጥ ነበር፤ ከዚያም በቅኝ ግዛት መርከቦች ወደ እስያ፣ ወደ አፍሪካና ወደ አውስትራሊያ ተጓዘ። ዛሬ በአውስትራሊያ ከ4 ሚሊዮን ሔክታር በላይ መሬት ይዟል። በሕንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከ150,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደን እንደ ወረረ አሳይቷል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ካወጣው የ100 አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች መዝገብም ውስጥ ይገኛል። በሀገራችንም በተለይ በምሥራቁ ክፍል የግጦሽ መሬት እየወረረ አርብቶ አደሩን አስቸግሯል።

ለመሸንቲ ዙሪያ ገበሬ ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የከብቱ ጉዳይ ነው። በወፍ ቆሎ ቅጠል ውስጥ ላንታዲን የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች አሉ። ከብት ሣር ካገኘ ይህን ቅጠል አይነካም፤ በበጋው ማብቂያ መኖ ሲጠፋ ግን ይበላል። መርዙ ጉበትን ይጎዳና የሐሞትን ፍሰት ያግዳል። አሠራሩ ሊጤን የሚገባው ነው። ከብት ሣር ሲፈጭ ከአረንጓዴው ክሎሮፊል ፊሎኤሪትሪን የሚባል ቅሪት ይወጣል፤ ጤነኛ ጉበት በሐሞት በኩል ያስወግደዋል። ጉበቱ ሲታመም ግን ቅሪቱ በደም ተሸክሞ ቆዳ ይደርሳል፤ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ቆዳውን ያቃጥላል። ስለዚህ ነጭ ወይም ነጭ ቡራቡሬ ላም ነጯ ቦታ ላይ ብቻ ስትላጥና ስትቆስል፣ ጥላም ስትፈልግ የቆዳ በሽታ ነው ብሎ ቅባት መቀባት ብቻውን አያድናትም፤ ሐኪም ሊያያት ይገባል። ቅጠሉ ደርቆም መርዙ አይለቀውም። ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ ከሕፃናት ማራቅም ያስፈልጋል።

«እንግዲያው ዘር የማይጥል ተክል ሁሉ ደኅና ነው ማለት ነውን?» የሚል ተማሪ ቢኖር መልሱ ከመሸንቲ በስተሰሜን፣ በጣና ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ በብዙ አገር ለሐምራዊ አበባው ሲባል በኩሬ የተተከለ ጌጥ ነበር። እምቦጭ ዘር ያፈራል፤ ነገር ግን ሐይቁን በፍጥነት የሚሸፍነው ከእናቱ ግንድ እየተቀጠለ በሚወጣ ቡቃያ ነው። ልዩነቱ የእምቦጭን ቡቃያ ውኃና ነፋስ ሲወስዱት የቡገንቪላን ቁራጭ የሚወስደው ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ወደ ግቢ ከመግባቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው «ማን ያጓጉዘዋል?» የሚለው ነው።

ለቡገንቪላ መድሎ እንዳይመስልብን ጉድለቱን እንናገር። ለንብና ለቢራቢሮ የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ በዚህ በኩል የወፍ ቆሎ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። እሾሁ ክፉ ነው። ካልተገረዘ የጎረቤትን ጣሪያ ይወጣል። ያም ሆኖ ምርጫችን እርሱ ነው። ንብ ያላቸው ሰዎች በመካከሉ ሀገር በቀሉን ስሚዛ ቢያሰባጥሩ ጉድለቱ ይሞላል፤ እሾሃም አጥር ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ ነጭ አበባና የሚበላ ፍሬ ያለው ቀጋ አለ።

ቡገንቪላን ለማራባት የእርሳስ ውፍረት ያለው የጠነከረ ቅርንጫፍ በስንዝር ያህል ተቆርጦ፣ የታችኛው ቅጠሉ ተነቅሎ፣ በክረምት መግቢያ አሸዋማ አፈር ውስጥ ከጥላ ሥር ይተከላል። ሁሉም ስለማይጸድቅ አብዝቶ መትከል ነው። ከጸደቀ በኋላ ውኃና ፍግ ማብዛት ቅጠሉን እንጂ ቀለሙን አይጨምርም፤ ደምቆ የሚያብበው ዝናቡ ሲያቆም ነው። የወፍ ቆሎ አጥር ያለው ሰው ደግሞ ከላይ ቢቆርጠው ወይም ቢያቃጥለው ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። መሬቱ በረጠበበት ጊዜ፣ ፍሬው ሳይበስል፣ ከነሥሩ መቆፈር አለበት፤ የተነቀለውም ከብት ከማይደርስበት ቦታ ይከመር።

በአካባቢያችሁ ተክሉ አጥር ተሻግሮ እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልጉ ተማሪዎች ከመስከረም በኋላ በቀላሉ ሊለኩት ይችላሉ። ወፍ ከሚያርፍበት ዛፍ ሥር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ከዛፍ ርቆ ባለ ገላጣ መሬት ላይም እንዲሁ ያለ ካሬ በገመድ ይከለል። የወፍ ቆሎ ችግኝ አራት ማዕዘን ግንድ፣ ፊት ለፊት የተጣመሩ ሻካራ ቅጠሎችና ሲታሽ የሚከረፋ ሽታ አለው። ሽታ ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ ቅቤ የምናጣፍጥበት ኮሰረትም የዚሁ ቤተሰብ ነውና ሁለቱን አጎራብቶ ማየት ይበጃል። በየካሬው የተቆጠረው ችግኝ ከአጥሩ ካለው ርቀት ጋር ይመዘገባል፤ በቀጣዩም ዓመት በዚያው ቦታ ቆጠራው ይደገማል።