ባለ ጎማዋ ቤት፦ ወደ በረሃ ስንወጣ ማወቅ የሚገባን



በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀቱ በርዶ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ብዙ ቤተሰቦች ድንኳንና ካራቫን ይዘው ወደ በረሃ እንደሚወጡ የታወቀ ነው። በኩዌት የድንኳኑ ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች አጋማሽ ይቆያል። በኳታር ወደ ሲላይንና ወደ ኾር አል-ዑደይድ፣ በሳዑዲ ዐረቢያ ደግሞ ሪያድ አጠገብ ወዳለው ወደ ሡማማ ይወጣሉ። ቤተሰቡ ሲወጣ እኛም አብረን እንወጣለን። ለእነርሱ ዕረፍት ነው፤ ለእኛ ግን ወጥ ቤቱ ጠቦ፣ ውኃው ተቆጥሮ፣ መኝታው ተለውጦ የሚቀጥል ሥራ ነው።

ስለ ሥራው ብዛት እርስ በርሳችን ብዙ እንነጋገራለን። ስለ ካራቫኑ ግን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳን አይገኝም። ምግብ የምናበስለው፣ ዕቃ የምናጥበው፣ አንዳንዶቻችንም የምንተኛው በውስጡ ስለሆነ ከማንም በላይ ልናውቀው የሚገባን እኛ ነን። ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ካራቫን ቤት ቢመስልም እንደ ቤት የማይተነፍስ መሆኑ ነው።

ካራቫን ምንድን ነው?

ካራቫን በመኪና የሚጎተት አነስተኛ ቤት ነው። ከሥሩ የብረት ሻሲና ጎማ አለው። ግድግዳው ከቀጭን አሉሚኒየም ወይም ከፋይበር ግላስ ይሠራል፤ በመካከሉም ሙቀትና ብርድ የሚከላከል ፎም ይደረግበታል። በሩና መስኮቱ አቧራና ዝናብ እንዳያስገባ ዙሪያውን በጎማ ይታሸጋል። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ የውኃ ታንከርና አንዳንዴም መጸዳጃ ቤት ተጠጋግተው ይቀመጣሉ።

ይህች ባለ ጎማ ቤት ወደ አገራችንም መጥታ ታውቃለች። ኤርስትሪም የተባለውንና እንደ ብር የሚያብረቀርቀውን ካራቫን የሚሠራውን ድርጅት ያቋቋመው አሜሪካዊው ዋሊ ባያም፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ከደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ተነሥቶ እስከ ካይሮ የሚደርስ ጉዞ መርቶ ነበር። 41 ካራቫኖች በተሳተፉበት በዚያ ጉዞ መንገደኞቹ በኢትዮጵያም አልፈዋል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ተቀብለዋቸዋል። ያን ጊዜ ከኬንያ ድንበር ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣው መንገድ አስፋልት አልነበረውም። በዚያ መንገድ ቤትን እየጎተቱ ማለፍ ምን ያህል ፈተና እንደነበረ መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

የቀላ ከሰልም ይገድላል

የበረሃ ሌሊት እንደሚታሰበው ሞቃት አይደለም። በጃንዋሪ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ ከእራት የተረፈውን ፍም በማንደጃ አድርጎ ወደ ካራቫን ወይም ወደ ድንኳን ማስገባት የተለመደ ነው። በየዓመቱ በብርድ ወራት ሰው ተኝቶ በዚያው የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ከሞቱትም መካከል የቤት ሠራተኞች ነበሩ።

አገር ቤት እናቶቻችን «ከሰሉ ሳይቀላ ወደ ቤት አታግቢው» ብለው አስተምረውናል። ምክራቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አያድንም። ከሰል ሲቀላ ጭሱ ይጠፋል፤ መርዙ ግን አይጠፋም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ይህ መርዘኛ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ ዓይንም አያቃጥልም። ደማችን ኦክስጅንን ከሚይዝበት ኃይል ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው ሰውነታችን አየር እያለ አየር ያጣል። የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ይሄዳል።

አገር ቤት በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ፣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት፣ በበሩም ሥር አየር ይገባ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከሰል ስንቱን ቤት አጥፍቷል። ካራቫን ግን ከላይ እንደተናገርነው ዙሪያውን በጎማ የታሸገ ሳጥን ነው። አገር ቤት ራስ ምታት ብቻ አስይዞ ያለፈው ማንደጃ እዚህ ሊገድል ይችላል። መስኮቱን በጣት ስፋት ከፍቶ መተኛትም ዋስትና አይሆንም። ከሰል ወደ ካራቫን ፈጽሞ አይግባ።

ጀኔሬተርም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ከመኝታ ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ፣ የጭሱ መውጫም ከካራቫኑ ወደ ሌላ አቅጣጫ መዞር አለበት። መኝታችሁ ጀኔሬተሩ አጠገብ ከተዘጋጀ ፍራሻችሁን ከማንጠፋችሁ በፊት ተናገሩ። በጋዝ ምድጃም ክፍል ለማሞቅ አትሞክሩ፤ ስታበስሉበትም የጣሪያውን መተንፈሻና አንድ መስኮት ክፈቱ።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መዛልና ግራ መጋባት ናቸው። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወደ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። ወዲያው ውጡ፤ በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፤ የተኙትን ቀስቅሱ፤ ጮኻችሁ ሰው ጥሩ። «ትንሽ ልተኛና ይተወኛል» ማለት አደገኛ ነው። የዚህ መርዝ ሕክምና ኦክስጅን ስለሆነ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ይበልጥ ይጎዳሉ።

ብርዱን በሌላ መንገድ እንከላከለው። ብርድ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ይመጣልና ከፍራሹ በታች ብርድ ልብስ ወይም ካርቶን ማንጠፍ ይጠቅማል። ቀን የለበስነውን፣ በላብ የረጠበውን ልብስ በደረቅ መለወጥ፣ ካልሲ መደረብ፣ ክዳኑ በደንብ በተዘጋ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ከማንደጃ ይሻላል።

የጋዝ ሲሊንደሩ

የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ላይ ይተኛል። ለዚህም ነው በካራቫን ወለል ወይም በሲሊንደሩ ሳጥን ሥር ቀዳዳ የሚተወው። «አሸዋ ያስገባል» ተብሎ በጨርቅ እንዲደፈን ቢነገራችሁ ምክንያቱን አስረዱ።

ቱቦው ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማወቅ የሳሙና አረፋ በመጋጠሚያው ላይ መቀባት ነው፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። በክብሪት መሞከር ራስን ማቃጠል ነው። ሽታ ከመጣ ደግሞ እሳት አጥፉ፤ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ፤ በርና መስኮት ክፈቱ፤ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። ከዚያም ውጡ።

ፍሪጁ ለምን አልቀዘቀዘም?

ብዙ ጊዜ ሥጋው ሲበላሽ ወቀሳው ወደ እኛ ይመጣል። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የአቀማመጥ ሊሆን ይችላል። በብዙ ካራቫኖች ውስጥ ያለው ፍሪጅ በቤት እንዳለው አይደለም። በጋዝም፣ በባትሪም፣ በኤሌክትሪክም የሚሠራ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም በሞተር ሳይሆን በሙቀት ኃይል በውስጡ በሚዘዋወር ፈሳሽ ነው። በመሆኑም ካራቫኑ ካጋደለ ፈሳሹ በትክክል ስለማይዘዋወር ፍሪጁ አይቀዘቅዝም። በብርጭቆ ውኃ ቀድታችሁ ፍሪጁ ውስጥ ብታስቀምጡ ማጋደሉን ታውቃላችሁ። ከዚህም ሌላ ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ ከመነሣት በፊት ባለው ቀን ቢበራ፣ የሚገባበትም ምግብ አስቀድሞ የቀዘቀዘ ቢሆን መልካም ነው።

የውኃ ታንከሩ

ለወራት የቆመ ታንከር ውኃው ንጹሕ አይደለም። ለ60 ሊትር ውኃ ሩብ ኩባያ፣ ማለትም 60 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ሽቶ የሌለበት በረኪና ጨምሮ ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍቶ ማዳረስ፣ ለጥቂት ሰዓታት ማቆየት፣ ከዚያም ደፍቶ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ ከመጸዳጃ አሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በጠባቧ ክፍል ውስጥ ደግሞ መሸሻ የለም።

ጭነቱን የምንጭን እኛ ነን

ካራቫን በመንገድ ላይ የሚገለበጠው በሹፌሩ ጥፋት ብቻ አይደለም። ዕቃው የተቀመጠበት ቦታም ምክንያት ይሆናል። ከባዱ ዕቃ ወደ ኋላ ከበዛ ፊቱ ይቀልላል፤ መኪናው ሲፈጥንም ካራቫኑ እንደ ጅራት ይወዛወዛል። ስለዚህ የሩዝ ጆንያ፣ ድስትና የውኃ ጀሪካን ከጎማዎቹ በላይ ባለው ወለል ላይ፣ ከግራና ከቀኝ ተመጣጥኖ ይቀመጥ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ መሆኑን አንርሳ፤ 100 ሊትር የሞላ ታንከር 100 ኪሎ ነው።

በሚጎተት ካራቫን ውስጥ ሰው ተሳፍሮ መሄድ በብዙ አገር ሕግ የተከለከለ ነው፤ ቀበቶም የለው፣ መከላከያም የለው። «መኪናው ሞልቷል፤ አንቺ ከዕቃው ጋር ግቢ» ብትባሉ በትሕትና እምቢ በሉ። ቦታ ደርሶ ከመኪናው ከመፈታቱ በፊትም ጎማው ሥር ድንጋይ ወይም ታኮ መደረጉን እዩ። በአራቱ ማዕዘን የሚወርዱት እግሮች እንዳይነቃነቅ የሚያጸኑ እንጂ የሚያነሡ አይደሉም፤ በእነርሱ ተማምናችሁ ከሥሩ አትግቡ።

ቤተሰቡ ሊገዛ ሲያስብ

አንዳንድ አሠሪዎች ያገለገለ ካራቫን ሲገዙ የምትሠራበትን ሰው ሐሳብ ይጠይቃሉ። ስትጠየቁ የምትናገሩት እንዲኖራችሁ እነዚህን ልብ በሉ።

መጀመሪያ አሽትቱ፤ የሻጋታ ሽታ ካለ ውኃ ገብቷል። በመስኮቶቹ ዙሪያና በማዕዘኖቹ ግድግዳውን በእጅ ጫን በሉት፤ ከለሰለሰ ውስጡ በስብሷል። የጣሪያው መጋጠሚያ ሲሰነጠቅ በጊዜ ካልተደፈነ አንድ ዝናብ ይበቃዋል፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደተባለው ነው። ጎማው ቢያብረቀርቅም አትታለሉ፤ የካራቫን ጎማ ብዙ ጊዜ ስለሚቆም ከመንገዱ ይልቅ ዕድሜና ፀሐይ ይጨርሱታል። በጎማው ጎን የተጻፉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከ5 ወይም ከ6 ዓመት በኋላ እንዲለወጥ ባለሙያዎች ይመክራሉ።

በመጨረሻም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮኽ ትንሽ መሣሪያ እንዳለው ጠይቁ። ከሌለው ይገዛ፤ ዋጋው ከካራቫኑ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ካለም የመሞከሪያ ቁልፉን ተጭናችሁ መጮኹን እዩ።

እንዴት እንናገር?

«እኔ ሠራተኛ ነኝ፤ ማን ይሰማኛል?» የምትል እኅት ትኖራለች። ጭንቀቷ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያች ካራቫን ውስጥ የማዳም ልጆችም ይተኛሉ። «አሻን አል-አውላድ» (ለልጆቹ ብዬ ነው) ብሎ መጀመር ብዙ በር ይከፍታል። «ፊ ሪሐት ጋዝ» (የጋዝ ሽታ አለ)፣ «ራሲ ዩጀዕኒ» (ራሴን ያመኛል) የሚሉትንም በቃላችሁ ያዙ። ፍሙን እንድታስገቡ ከታዘዛችሁ የምትችሉትን ያህል አስረዱ፤ እንቢ ካሉም እናንተ በዚያ ክፍል አትተኙ፤ ብርድ ልብሳችሁን ይዛችሁ ሌላ ቦታ እደሩ።

የአምቡላንስ ቁጥሮችን በስልካችሁ መዝግቡ፦ ኩዌት 112፣ ሳዑዲ ዐረቢያ 997፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ 998፣ ኳታርና ባሕሬን 999፣ ኦማን 9999። በረሃ የቤት ቁጥር የለውም፤ ስለዚህ በደረሳችሁበት ቀን የሰፈሩን ቁጥር ወይም የቅርቡን የመንገድ ምልክት ጠይቁ፤ ስልካችሁ የሚችል ከሆነም ያላችሁበትን ቦታ ለአንዲት ጓደኛ ላኩላት።

ማንበብ የማትችል ወይም ይህ ጽሑፍ ያልደረሳት እኅት ካለች ንገሯት። በተለይም ዘንድሮ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ በረሃ ለምትወጣው፣ ሌላው ሁሉ ቢረሳ፣ የከሰሉን ነገር ብቻ ደጋግማችሁ ንገሯት።