ቤት ከመከራየት በፊት፦ ስለ ዋሽንግተን አካባቢ የሚወራውና እውነታው

ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ በአሜሪካ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው አካባቢዎች ቀዳሚው ነው። ስለዚህም ወደዚያ ለሥራ የሚሄድ ሰው ገና ሻንጣውን ሳያዘጋጅ ምክር ይጎርፍለታል። አክስት፣ የሠፈር ልጅ፣ ከ20 ዓመት በፊት የሄደ የክፍል ጓደኛ፣ ሁሉም የት መግባት እንዳለበት የሚነግረው አለው። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ወይ መካሪው በሄደበት ዘመን የሠራ ነው፣ ወይ ለመካሪው ሥራ የሚስማማ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በአንድ ባቡር ስለተያያዙ አንድ ከተማ ይመስላሉ እንጂ ለተከራይ ሦስት የተለያዩ አገሮች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሕጉም ግብሩም ይለያያል። የመጀመሪያው ቤት ምርጫ ሲበላሽ የሚጎዳው ኪስ ብቻ አይደለም። እንቅልፍ ይጎድላል፣ የልጅ ትምህርት ይስተጓጎላል፣ ሕይወት የጠፋበት ጊዜም አለ።

«መጀመሪያ ሐበሻ ያለበት ግባ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል»

የዚህ ግማሹ እውነት ነው። ሥራ ሲከፈት ቀድሞ የሚናገር፣ ልጅ የሚጠብቅ፣ የመጀመሪያውን ወር በመኪናው የሚያመላልስ ሰው በአቅራቢያ መኖሩ በገንዘብ አይተመንም። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም፣ እንጀራውም ያጽናናል።

ጥያቄው «ሐበሻ ያለበት» የትኛው ነው የሚለው ላይ ነው። የቀድሞዎቹ ሲናገሩ አዳምስ ሞርጋን 18ኛው ጎዳና፣ ኋላም ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና ነው የሚታያቸው። ምግብ ቤቶቹ ዛሬም እዚያ አሉ። ነዋሪው ግን ኪራይ ሲንር ወደ ዳር ወጥቷል፦ በሜሪላንድ በኩል ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን፣ በቨርጂኒያ በኩል ወደ አሌክሳንድሪያ ሴሚናሪ ሮድ፣ ወደ ስካይላይንና ቤይሊስ ክሮስሮድስ፣ ወደ አርሊንግተን ኮሎምቢያ ፓይክ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሁለቱም «ሐበሻ ሠፈር» ናቸው፤ በመካከላቸው ግን የፖቶማክ ወንዝና የ495 አውራ ጎዳና መጨናነቅ አለ። አንዱ ጋ የገባ ሰው ሌላው ጋ ለመሥራት በየቀኑ ድልድይ ይሻገራል።

«ቋንቋ ስለማልችል ከሐበሻ መራቅ አልችልም» የሚለው ስጋትም ከሚገባው በላይ ይከብዳል። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አቅርቦት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ባለጉዳይን በቋንቋው ማስተናገድ አለባቸው፤ አማርኛም በዚሁ አሠራር ከሚታወቁት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የአሌክሳንድሪያ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች በአማርኛ መረጃ ያቀርባሉ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የሠፈሩ ሰው የሚያመጣልህ ሥራ እሱ የሚሠራውን ዓይነት ነው። ነርስ፣ አካውንታንት ወይም ኤሌክትሪሺያን ሆኖ የሄደ ሰው ደባሎቹ ፓርኪንግ ስለሚሠሩ ብቻ ፓርኪንግ ገብቶ፣ የሙያ ፈቃዱን ፈተና ከዓመት ዓመት ሲያስተላልፍ ማየት ያሳዝናል። ፓርኪንግ ነውር የለበትም፤ ብዙ ቤተሰብ ያቆመ ሥራ ነው። ግን የሥራውን ዓይነት አድራሻው ሊመርጥለት አይገባም።

«ሜትሮ ካለ ሁሉም ቅርብ ነው»

ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ሜትሮ ጥሩ ባቡር ነው፤ ከቢሮ ሰዓት ጋር ለሚሄድ ሰው ያገለግላል። አዲስ መጪው የሚያገኘው የመጀመሪያ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ የቢሮ ሰዓት የለውም። ናሽናል ኤርፖርት የሚሠራ ሰው ፈረቃው ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ማለትም በእነሱ አቆጣጠር በ4፡00 ኤ.ኤም. ይጀምራል እንበል። ሜትሮ በሥራ ቀናት አገልግሎት የሚጀምረው በ5፡00 ኤ.ኤም. ነው። ጣቢያው ከቤቱ በር ላይ ቢሆን፣ ኤርፖርቱም የራሱ ጣቢያ ቢኖረው ምን ይጠቅመዋል? ወይ መኪና ይገዛል፣ ወይ በየሌሊቱ ለኡበር ይከፍላል። ያው ሰው ኤርፖርቱ አቅራቢያ፣ ክሪስታል ሲቲ ወይም አሌክሳንድሪያ ቢከራይ በርካሽ የኡበር ጉዞ፣ ካልሆነም በሥራ ባልደረባ መኪና ይደርሳል።

ዱለስ ኤርፖርትን ደግሞ እንውሰድ። ሲልቨር ላይን የተባለው መስመር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ዱለስ ከደረሰ ወዲህ «አሁንማ በባቡር ይሄዳል» ይባላል። ይሄዳል። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚነሳ ሰው በቀዩ መስመር መሐል ከተማ ገብቶ፣ ሜትሮ ሴንተር ላይ ቀይሮ፣ እንደገና ወደ ምዕራብ ይጓዛል። ሁሉም ቢቀናው ከአንድ ሰዓት ከሩብ አያንስም፤ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ተኩል። ዋጋው በርቀት ስለሆነ በሥራ ቀን የሚከፈለው ከፍተኛው ነው፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 መጨረሻ በተጀመረው ታሪፍ በአንድ ጉዞ 6.75 ዶላር። በወር 22 ቀን ለሚሠራ ሰው 297 ዶላር ይመጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ የተመረጠው ከዘመድ ጋር በ200 ዶላር የረከሰ ክፍል ስለተገኘ ከሆነ፣ ቁጠባው ባቡር ውስጥ ቀረ፤ በወር ከ50 ሰዓት በላይ ጭምር።

ሆስፒታል ለሚቀጠርም እንዲሁ ነው። ዲሲ የሚገኘው ዋሽንግተን ሆስፒታል ሴንተር በር ላይ የሜትሮ ጣቢያ የለም፤ ከባቡር ወርዶ አውቶብስ መያዝ ያስፈልጋል። የ12 ሰዓት ፈረቃ ጨርሶ ለሚወጣ ሰው ያቺ ተጨማሪ አውቶብስ ቀላል አይደለችም።

«ራቅ ካልክ ይረክሳል» የሚለው የዚሁ ወንድም ነው። ራቅ ባሉት በሜሪላንዱ ፍሬድሪክም በቨርጂኒያው ዉድብሪጅም ኪራይ ከመሐሉ ይቀንሳል፤ እውነት ነው። እዚያ ያለ መኪና መኖር ግን ጭንቅ ነው፤ መኪና ማለት ደግሞ ወርሃዊ ክፍያ፣ ነዳጅ፣ ከሁሉ በላይ ኢንሹራንስ ነው። መንጃ ፈቃዱን ትናንት ላወጣ ሰው ኢንሹራንስ ለነባሩ ከሚጠየቀው በጣም ይበልጣል። በአንጻሩ የአሌክሳንድሪያ ከተማ አውቶብስ ዳሽ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ራይድ ኦን ደግሞ ከ2025 ጀምሮ ያለ ክፍያ ነው የሚያሳፍሩት። ለመኪና ገና ላልደረሰ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት መንገዱን መሞከር ይሻላል፤ በቀን ሳይሆን ሥራው በሚገባበት ሰዓት፣ ከቤቱ በር እስከ ሥራው በር። ገና አዲስ አበባ ያለ ሰው እንኳ የስልክ ካርታው ላይ የመነሻ ሰዓቱን ሞልቶ ማየት ይችላል። ሥራው ገና ካልተገኘ ደግሞ የዓመት ውል ከመፈረም ዘመድ ቤት ወይም በወር በሚከፈል ክፍል መቆየት ያዋጣል።

«ቤዝመንት ያለ ውል ልግባና ልቆጥብ»

ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት፣ ራሱ ክፉ አይደለም። ፈቃድ ያለው፣ መስኮቱ የሚከፈት፣ ለብቻ መግቢያ ያለው ቤዝመንት ለጀማሪ ጥሩ ቤት ነው፤ ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ቤተሰቦች ከዚያ ተነስተዋል። የሚያስፈራው በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ በየክፍሉ ሰው የሚገባበት፣ መንግሥት የማያውቀው ቤት ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 በሰሜን ምዕራብ ዲሲ ኬኔዲ ጎዳና ላይ የሚገኝ ቤት ተቃጥሎ ሁለት ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፤ አንዱ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ቤቱ በትናንሽ ክፍሎች ተሸንሽኖ የሚከራይ ሲሆን የኪራይ ፈቃድ አልነበረውም። አንድ ፖሊስ ከወራት በፊት ቤቱን አይቶ አደገኛ መሆኑን ለከተማዋ አስተዳደር አሳውቆ ነበር፤ ማንም ገብቶ ሳይመረምረው ቆየ። እነዚያ ተከራዮች እንደማንኛውም አዲስ መጪ ርካሽ ክፍል የፈለጉ፣ ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። ርካሽ ክፍል በተወራ ቁጥር ይህ ቤት መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ክፍል ሲታይ መጀመሪያ መስኮቱን ማየት ነው። ለመኝታ ክፍል መስኮት በአብዛኛው የሚሠራበት መለኪያ፣ የመስኮቱ ታችኛ ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች፣ ማለትም ከ112 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይርቅ፣ ሲከፈትም አዋቂ ሰው ወጥቶበት እንዲያመልጥ የሚል ነው። ጣራው ሥር የተወሸቀች፣ እጅ ብቻ የምታሾልክ መስኮት ካለች ክፍሉ ዕቃ ቤት እንጂ መኝታ አይደለም። በብረት የተከረቸመ ከሆነም ከውስጥ ያለ ቁልፍ መከፈት አለበት። የጭስ ማስጠንቀቂያውን ቁልፍ ተጭኖ መጮሁን መስማት ደግሞ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አከራዩ ዘመድ ወይም የአገር ሰው ስለሆነ ይህን መጠየቅ ያሳፍራል የሚል ይኖራል፤ አያሳፍርም። ዲሲም ሞንትጎመሪ ካውንቲም የሚከራይ ቤት ፈቃድ እንዲኖረው ያስገድዳሉ፤ ፈቃድ መኖር አለመኖሩንም ማንም ሰው ማጣራት ይችላል።

ውል ያስራል ብሎ የሚሸሽም አለ፤ ውሉ ራሱ ግን አያስርም፤ ያለ ውል መኖሩ ነው የሚያስረው። ልጅ ትምህርት ቤት የሚመደበው በአድራሻ ስለሆነ ሲመዘገብ የመኖሪያ ማስረጃ ይጠየቃል፤ መንጃ ፈቃድ ሲወጣም ያው ነው። የተጻፈ ውል የሌለው ተከራይ ግን መብት የለውም ማለት አይደለም። በሦስቱም ግዛቶች አከራይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቁልፍ ቀይሮ ተከራይን ማባረር አይችልም። «ፖሊስ እጠራብሃለሁ» የተባለ ሰው ይህን ይወቅ።

«ክሬዲት የሌለው አፓርትመንት አያገኝም»

ክሬዲት፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪክ፣ ገና ያልጀመረና ክሬዲቱ የተበላሸ ሰው አንድ አይደሉም፤ አከራዮችም ይለዩታል። ትልልቆቹ የአፓርትመንት ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚያዩት ገቢን ነው፤ የኪራዩ ሦስት እጥፍ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። የቅጥር ደብዳቤ፣ የመጀመሪያዎቹ የደመወዝ ወረቀቶች፣ የባንክ ሒሳብ፣ አብሮ የሚፈርም ዘመድ፣ እነዚህ ተደምረው በር ይከፍታሉ። የክሬዲት ነጥብ ለመውጣት በአብዛኛው የ6 ወር ታሪክ ስለሚፈልግ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ባንክ ገብቶ በራስ ገንዘብ የሚያዝ ክሬዲት ካርድ መክፈት ለሚቀጥለው ቤት መንገድ መጥረግ ነው።

«ክሬዲት ስለሌለህ የአራት ወር ዲፖዚት አምጣ» የሚል አከራይ ግን ከሕግ ውጭ ነው። ዲሲ ውስጥ ዲፖዚት፣ ማለትም ለአከራዩ የሚሰጠው መያዣ፣ ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም። ሜሪላንድም ከጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አንድ ወር አውርዳዋለች፤ ቨርጂኒያ እስከ ሁለት ወር ትፈቅዳለች። ለምሳሌ ኪራዩ 1,800 ዶላር ከሆነ፣ አሌክሳንድሪያ ለመግባት የመጀመሪያው ወር ተጨምሮ እስከ 5,400 ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ግን 3,600 ይበቃል። ይህን ስሌት ከአገር ሳይወጡ ማወቅ ነበር የሚገባው። ቤቱን ማንም የሚታመን ሰው ገብቶ ሳያየው በስልክ ገንዘብ ላክ ለሚል ደግሞ አንድ ሳንቲም አይላክም።

«መንግሥት ቤት ይሰጣል»

ዲሲ የመንግሥት ቤት ፈላጊዎችን ዝርዝር የዘጋችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ በዚያን ጊዜ ከ70,000 በላይ ስም ተመዝግቦ ነበር። ማመልከቻ ሲከፈት መመዝገብ ይገባል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ኑሮ ግን በዚህ ተስፋ ማቀድ አይቻልም።

«ቨርጂኒያ ይሻላል፤ ታክሷ ትንሽ ነው»

ብዙ ሰው የሚስተው፣ በእነዚህ ሦስት ግዛቶች መካከል የደመወዝ ግብር የሚከፈለው በሚኖሩበት እንጂ በሚሠሩበት አለመሆኑን ነው። ዲሲ ሠርቶ ቨርጂኒያ የሚያድር ለቨርጂኒያ ይከፍላል። ሜሪላንድ ከግዛቱ ግብር በላይ የካውንቲ ግብር ትጨምራለች፤ ሞንትጎመሪ ውስጥ ከ3 በመቶ በላይ ነው። እስካሁን ቨርጂኒያ የረታች ትመስላለች። ነገር ግን የቨርጂኒያ ካውንቲዎችና ከተሞች በመኪና ላይ በየዓመቱ፣ በመኪናው ዋጋ ልክ ግብር ይጥላሉ፤ ሜሪላንድና ዲሲ እንዲህ ያለ ግብር የላቸውም። መኪና ለሌለው ወይም አሮጌ ለሚነዳ ቨርጂኒያ ታዋጣ ይሆናል፤ ኡበር ለመሥራት አዲስ መኪና ለገዛ ግን ሒሳቡ ይቀየራል።

የኪራይ ጭማሪው ደግሞ ከግብሩ ይልቅ ሊከብድ ይችላል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ሕጉ በሚመለከታቸው ቤቶች ላይ ዓመታዊ ጭማሪ ከ6 በመቶ እንዳያልፍ ገድባለች፤ አዳዲስ ሕንጻዎችና አንድ ሁለት ቤት ብቻ ያላቸው አከራዮች ግን አይካተቱም። ዲሲም ለቆዩ ሕንጻዎች የራሷ ገደብ አላት። ቨርጂኒያ ምንም ገደብ የላትም፤ የዓመቱ ውል ሲያልቅ አከራዩ የፈለገውን መጠየቅ ይችላል። ዘንድሮ በ1,700 የገባ ሰው ከርሞ 2,000 ቢባል የሚከራከርበት ሕግ የለውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዲሲ የሚከራይ ሰው ግን ከመፈረሙ በፊት ሕንጻው በገደቡ ውስጥ መሆኑን ወደ ከተማዋ ወይም ካውንቲው የመረጃ ስልክ 311 ደውሎ፣ አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ብሎ መጠየቅ ይችላል።