ወርቃማው ሰዓት ሰዓት አይሞላም

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ተቀምጦ የጉዞና የተፈጥሮ ፎቶ ልጀምር የሚል አበሻ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሌንስ ነው። ባትሪ ቻርጅ ማድረግ፣ ትርፍ ሜሞሪ ካርድ መያዝና ሌንስ መጥረግ ለማንም ግልጽ ስለሆኑ እንለፋቸው። ሌንሱም ይቆይ። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ብርሃኑ ነው፤ ስለ ብርሃን የሚሰጠው ምክር ደግሞ አብዛኛው ለሌላ ሰማይ የተጻፈ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሸመድደው «ወርቃማው ሰዓት» የሚባል አለ፤ ፀሐይ እንደወጣች ወይም ልትጠልቅ ስትል፣ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ የሚሞቅበት ጊዜ። ስሙን አምኖ «አንድ ሰዓት አለኝ» ብሎ የተዘናጋ ሰው እዚህ ግማሹንም አያገኝም።

ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ከአንድ ዲግሪ ብዙም አትርቅም። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች፤ በምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ ወደ ጎን ሳትል ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ወርቁ የሚዘልቀው ከአድማስ 6 ዲግሪ ከፍ እስክትል ነው ብንል፣ ያንን በ25 ደቂቃ ገደማ ትጨርሰዋለች። ለንደን ላይ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ይኸው 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ እዚያ አግድም እየተንሸራተተች ነው የምትወጣውና። ቀትር ላይ ልዩነቱ ይብሳል። በታኅሣሥ አጋማሽ ለንደን ላይ ፀሐይ በቀትር ከ15 ዲግሪ ብዙም አታልፍም፤ የዚያ አገር ሰው ቀኑን ሙሉ ቢያነሳ ያምርለታል። ናይሮቢ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ በቀትር ከ65 ዲግሪ በታች አትወርድም። የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይሰበሰባል፤ ዓይኑም ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። በኒያዮ ስታዲየም አካባቢ ግራር ላይ የሚሰፍረውን አባ ኮዳ ተመልከቱ፦ ቀትር ላይ ብርሃኑ ጥቁሩን ጀርባውን መትቶ ነጩን ሆዱን አመድ ያስመስለዋል። ጠዋት ግን ከጎን ስለሚገባ መላጣ ራሱ ላይ የቀሩትን ፀጉሮች አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። በሰው ዘንድ አስቀያሚ ተብሎ የቀረ ወፍ ነው፤ ጥፋቱ ግን የሚያነሱት ሰዎች የሰዓት ምርጫ ይመስለኛል።

ደግነቱ አበሻም ስዋሂሊ ተናጋሪም ቀኑን የሚቆጥሩት ከንጋት ነው፤ የእኛ አንድ ሰዓት የእነሱ «ሳ ሞጃ» ነው። ናይሮቢ ላይ ፀሐይ የምትወጣው በግምት በ12 ሰዓት ከሩብና በ12 ከአርባ መካከል ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓት ሲሞላ ወርቁ ወይ አልቋል፣ ወይ የቀረው ደቂቃ ነው። በዚያን ጊዜ ገና ሌንስ የሚቀያይር ሰው ቢቆጭ የሚፈርድለት የለም።

«ኋላ በኮምፒውተር ይስተካከላል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የጠቆረውን ማፍካት ይቻላል፤ ከላይ የወረደን ብርሃን ከጎን የመጣ ማስመሰል ግን ሌላ ጣጣ ነው፣ ተሳካ ሲባልም ፊቱ የተቀባ ይመስላል። «ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደመና በሚበዛበትስ?» ለሚል መልሱ ቀላል ነው፦ ያን ጊዜ ወርቅ አትጠብቁ። ደመናው ብርሃኑን ስለሚበትነው ቅጠልና ፊት ቀኑን ሙሉ ይነሳል፤ ሰማዩን ብቻ ከፍሬም አውጡት። ፊት ስታነሱ ግን አስፈቅዱ፤ ጉሊት የተቀመጠች እናት የመንገድ ጌጥ አይደለችም። ረጅሙ ሌንስ ጥቅም የለውም ማለትም አይደለም፤ ለአንበሳ ያስፈልጋል። ነገር ግን በቀትር ብርሃን የተነሳን አንበሳ የቱም ሌንስ አያድነውም። ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ከሁርሊንግሃም ሩቅ አይደለም። ካሜራውን ማታውኑ አሰናድታችሁ እደሩ፤ በሩ የሚከፈተው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው።